ለጆፌ በር የሚከፍተው ሰው

«ጅብ እንኳ እስክንሞት ይጠብቃል፤ አንቺ ግን መጠበቅ አቃተሽ» አለችኝ ፊት ለፊቴ ቆማ።

እጇ ላይ እርጥብ ቆዳ ነበር። የምትመታኝ መስሎኝ ወደ ኋላ አልኩ። እሷ ግን ቆዳውን አጥሩ ላይ ሰቅላ ወደ ቤቷ ገባች። ከዚያ በፊት ይህች ሴት ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። የቆዳ ፋቂው ሚስት ናት። ከባሏና ከልጆቿ ጋር ከየካ በላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት፣ ጥንብ ከሚጣልበት ገደል አፋፍ ላይ ትኖር ነበር። መልስ አልሰጠኋትም። እኔ መልስ የማጣ ሰው አይደለሁም፤ የሚያውቁኝ ይመሰክራሉ። የተናገረችው እውነት ስለሆነ ነው ዝም ያልኩት።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ያን ጊዜ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከሰፈራችን ሴት ልጆች ዘጠነኛ የደረስኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ ይህንንም ለማንም አላስረሳም ነበር። የካ ያኔ ከተማም ገጠርም ነው፤ ከታች በኩል አውቶቡስ ይመጣል፣ ከላይ በኩል ጅብ ይወርዳል። አባቴ ትንሽ መሬት ያርሳል፣ በሁለት አህዮች ከእንጦጦ እንጨት እያወረደ ይሸጣል፣ የእድሩም ዳኛ ነበር።

በሬም ሆነ በቅሎ ወይም አህያ ሳይታረድ ከሞተ በክት ነውና ባለቤቱ በእጁ አይነካውም። «ፋቂውን ጥሩት» ይባላል። ፋቂው ይመጣና ደጃፍ ላይ ቆሞ «እግዜር ይተካው» ይላል። ከዚያ የሞተው እግር ላይ ጠፍሩን ያስገባና በራሱ በቅሎ እያስጎተተ ወደ ገደሉ ይወስደዋል። ከብት ከሆነ ቆዳው የሱ ነው። አህያ ከሆነ የሚያገኘው ነገር የለም።

አንድ ቀን «ታዲያ አህያውን ለምን ትጎትታለህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አህያ አልጎትትም ካልኩ በሬ የሞተ ቀን ማን ይጠራኛል?» አለኝ።

አንተ ነው ያልኩት። በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው ነው፤ ግን በሰፈራችን ሕፃኑም ሽማግሌውም አንተ ይለው ነበር። እሱ ባለፋው ቁርበት ላይ እንተኛለን፣ በሰፋው ስልቻ እህል እንጭናለን፣ ከቤቱ ግን ውሃ አንቀምስም። ዓይኑ ይበላል፣ ቡዳ ነው ይባላል። እኔ ዓይኑን ስንት ጊዜ በቅርብ አይቼዋለሁ። ጭስ የጠገበ፣ የደከመ ዓይን ነው። ሌላ ነገር አላየሁበትም። ቤት ገብቼ ግን ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ወደ ገደሉ የወሰደኝ እግሬ ነው። እናቴ «መቀመጫሽ ላይ እሾህ በቅሏል ወይ?» ትለኝ ነበር። ቤት ውስጥ ቁጭ ማለት አልችልም፤ እንጨት ልልቀም ብዬ እወጣና ሳልለቅም እመለሳለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ እንዲህ ስዞር ነው የገደሉ አፋፍ ላይ የደረስኩት። እሱ የሞተ በሬ ገፎ ሲጨርስ ደረስኩ። አላባረረኝም፣ ነይም አላለኝም። ዘወር ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔም ከሱ አሥር እርምጃ ያህል ርቄ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ እንደዚያው አሥር እርምጃ እየራቅሁ እቀመጥ ነበር። ቀረብ ብዬ ብቀመጥ ምን ይሆን ነበር?

እዚያ ያየሁትን መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም። መጀመሪያ የሚመጣው ቁራ ነው፤ ዓይን ይወዳል። ጆፌ አሞራዎቹ ጠዋት ጠዋት ከላይ ድንጋዩ ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ወደ አራት ሰዓት ግድም አየሩ ሞቅ ሲል አንዱ ይነሣና እየዞረ ከፍ ይላል። ሌላው እሱን አይቶ ይነሣል። ከዚያ ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ሰማዩ ይሞላል። ሲወርዱ የክንፋቸው ድምፅ አቡጀዲ ሲቀደድ ይመስላል። ይገፋፋሉ፣ ይረጋገጣሉ፣ አንገታቸውን እስከ ትከሻቸው ሬሳው ውስጥ ከተው ያወጣሉ፤ ልክ ሳይጠሩት ሠርግ ቤት እንደገባ ሰው። የጠገበው ለመብረር ይከብደዋል፣ ቁልቁለቱን እየተንደረደረ ሮጦ ነው የሚነሣው።

ፋቂው ቆዳውን የማይፈልገውን እንስሳ እንኳ ሆዱን በካራ ከፍቶ ነው የሚተወው። ለምን እንደሆነ ነገረኝ። የጆፌ አፍ ሥጋ ይበጥሳል እንጂ ያልተከፈተ ቆዳ በቀላሉ አይቀድም። ካልተከፈተለት በዓይንና በጭራ ሥር ሲታገል ሁለት ሦስት ቀን ይፈጅበታል። እስከዚያ ሬሳው ይነፋል፣ ይሸታል፣ ዝንብ ይወርሰዋል። ከተከፈተለት ግን ማታ የሚቀረው አጥንት ነው። «እኔ በር እከፍትለታለሁ፣ እሱ ቤቱን ያጸዳልኛል» አለኝ።

አጥንቱን ማታ ጅብ ይወስዳል። ለጅብ የከበደውን ደግሞ የሚወስድ አንድ ጢማም ትልቅ አሞራ አለ፤ ብቻውን ነው የሚመጣው፣ አጥንቱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ድንጋይ ላይ ይለቀዋል፣ ሲሰበር ወርዶ መቅኑን ይበላል። ከዚያ በኋላ የቀረው የጥንዚዛ፣ የትልና የጉንዳን ነው። እነሱም ሲጨርሱ ጠጉርና ፈርስ መሬት ላይ ይቀራል። በሚቀጥለው ክረምት ያ ቦታ ላይ ሣር ከሌላው ቀድሞ፣ ከሌላው ጠቁሮ፣ እስከ ጉልበት ይበቅላል። ፋቂው ሜዳውን በዱላው እየጠቆመ ያሳየኝ ነበር። የቄሱ በቅሎ እዚህ ነበረች፣ የመበለቷ ቀይ በሬ እዚያ ጋ ነበር፤ ሣሩን አይተሽ ታውቂያለሽ ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ሣሩ ያስታውቃል።

ዘጠነኛ ክፍል ስንደርስ ሳይንስ የሚያስተምረን አንድ ሕንዳዊ መምህር ነበር። የሞተ ነገር ወደ አፈር፣ አፈሩ ወደ ሣር፣ ሣሩ ወደ ከብት እንዴት እንደሚመለስ በጠመኔ ክብ ሥሎ አስረዳን። እጄን አወጣሁና የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። የአሞራውን ተራ፣ የሆዱን መሰንጠቅ፣ ሣሩን። መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ አዳመጠኝ። በየቀኑ ምን ያህል እንደሚቀር፣ በዝናብ ጊዜ ልዩነት ይኖረው እንደሆነ ጠይቄ እንድመጣ አዘዘኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በክፍሉ ውስጥ የተከበርኩ ሆንኩ። የማን እውቀት እንደሆነ ግን አልተናገርኩም። «በሰፈራችን አይቻለሁ» ነው ያልኩት።

ስለ ዝናቡ ፋቂውን ልጠይቅ ወጣሁ።

«ክረምት ክፉ ነው» አለኝ። «ጉም ሲሆን ጆፌ አይነሣም። ሥጋው ይቆያል፣ ጎርፉ ያጥበዋል። ክረምት ክረምት እኔ ራሴ ልጆቼን ከታችኛው ምንጭ አላጠጣም። ለዚህ ነው ሐምሌ ከገባ ወደዚህ የማልጎትተው። ማዶ ነው የምወስደው፣ ውሃው ወደ ሌላ ወገን ከሚወርድበት። መንገዱ እጥፍ ነው፣ በቅሎዬ ታልቃለች። ግን ከምንጩ ሰው ይጠጣል አይደል?»

ለምን ለሰፈሩ ሰው አትናገርም አልኩት። ብናገር ምንጩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ይላሉ አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ማታ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ሁለቱንም፣ ክረምት ልጆቹን እንደማያጠጣውም፣ ማዶ እንደሚጎትተውም።

በጥር እህቴ ተዳረች። አባቴ ዳስ ጣለ፣ አማቾች ከሰንዳፋ በኩል መጡ። ሰዉ በልቶ መጠጥ በያዘበት ሰዓት፣ ከሰማይ አንድ ነገር የዳሱን ቅጠል ጥሶ ወርዶ ከሙሽራው አጎት እግር ሥር ዷ አለ። የአህያ እግር ነው፣ ከነኮቴው። ያ ጢማም አሞራ ነው የለቀቀው፤ ምናልባት ዳሱ ከላይ ሲያየው ድንጋይ መስሎት ይሆናል። አንድ ሰው ሳቀ፣ ቀጥሎ ብዙ ሰው ሳቀ፣ ከሁሉ በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ። አጎትየው ግን አልሳቁም። ሽማግሌ ናቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

«እናንተ ቤት እንግዳ የሚቀበሉት በዚህ ነው?» አሉት አባቴን።

የአባቴን ፊት ያኔ ነው ያየሁት። ሳቄ እዚያው ቀረ። ክፉ ገድ ነው፣ ጥንብ የወረደበት ሠርግ አይባረክም እያሉ ሲንሾካሾኩ አመሹ። ከጓሮ ደግሞ ሴቶቹ የላከው ማን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ቡዳው ነው፣ ሠርጉ ላይ ስላልተጠራ አሉ።

በሳምንቱ እድሩ ተሰበሰበ። አባቴ ነገሩን አንሥቶ፣ ጥንብ መጣያው ከሰፈሩ አናት ላይ ይነሣልን ብለን እናመልክት አለ። ሁሉም ተስማማ። ማን ይጻፍ ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አባቴም «ጻፊ፤ የተማርሽው ለመቼ ነው?» አለኝ።

ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ገልብጬ ነው የጻፍኩት። በዚያ ሰሞን በትምህርት ቤት ስለ ዝንብና ስለ ተስቦ መማር ጀምረን ነበርና ያወቅሁትን ሁሉ ከተትኩበት፤ ጀርም፣ ባክቴሪያ፣ ተላላፊ በሽታ። በጠመኔ የተሣለው ክብ አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ነው ያለው። ገልጬ አላየሁትም። ጽሑፉ ግን ማስረጃ የጎደለው መሰለኝ። ያን ጊዜ ደብተሬን አነሣሁ። «በቦታው የሚኖረው ቆዳ ፋቂ ራሱ በአንደበቱ እንዳረጋገጠው፣ ክረምት ሲሆን የራሱን ልጆች ከታችኛው ምንጭ አያጠጣም» ብዬ ጻፍኩ። እዚያ ላይ ነጥብ አደረግሁ። ከሥሩ የነበረውን፣ ማዶ እንደሚጎትተው የሚናገረውን፣ አላሰፈርኩትም። ረስቼው አይደለም። ብጨምረው ዓረፍተ ነገሩ ይደክምብኝ ነበር።

ለእድርተኛው አነበብኩላቸው። አንድ ሽማግሌ ባክቴሪያ ምንድን ነው አሉኝ። በዓይን የማይታይ፣ ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚበላ ነገር ነው አልኳቸው።

«የማይታይ፣ ገብቶ የሚበላ» አሉ ሽማግሌው ወደ ሰዉ ዞር ብለው። «እሱንማ ድሮም እናውቀዋለን።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያሉት ገብቶኛል። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ እየተነሡ ጣታቸውን ቀለም እየነከሩ አተሙ፤ እኔ ከሥር የጻፈችው ብዬ ፈረምኩ። አንደበትሽ ይባረክ አሉኝ። ያን ቀን ከደስታ ብዛት እራት አልበላሁም።

አሁን በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና እመታለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው አቤቱታ በጣቴ ሥር ያልፋል። እገሌ በአንደበቱ እንዳረጋገጠው የሚል መስመር ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል። አለቃዬ ምነው ደከመሽ ወይ ይለኛል። አልደከመኝም።

በዚያው ዓመት መጋቢት ካኪ ኮት የለበሰ ሹም መጣ። ሰዉ በሙሉ ገደሉ አፋፍ ላይ ተሰበሰበ፣ ፋቂውም ከቤቱ ተጠርቶ መጥቶ ራቅ ብሎ ቆመ። ሹሙ ማመልከቻውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብሎ አነበበ። ስለ ልጆቹና ስለ ምንጩ ያለው ጋ ሲደርስ ሰዉ አጉረመረመ፤ አንዲት ሴት ሆዷን ያዘች። ፋቂው ኮፍያውን አወለቀ።

«ይቅርታዎን ጌታዬ፣ እሷን ይድገሙልኝ» አለ።

ሹሙ ደገመለት።

«ከዚያ ቀጥሎ ያለውስ?»

«ቀጥሎ ሌላ ጉዳይ ነው። ይኸው ነው።»

ፋቂው ወደ እኔ አየ። ብዙ አላየኝም። እኔ ጫማዬን አየሁ፤ ለሠርጉ የተገዛልኝ አዲስ ጫማ ነበር። አፌን ከፍቼ ቀጥሎ ያለውን እኔ አውቀዋለሁ ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቃና ነበር። ሁሉም ቆሞ ነበር፣ ሹሙም ወረቀቱን ገና አላጠፈውም። አልተናገርኩም። አፈ ጮሌ ነሽ እየተባልኩ ያደግሁት ልጅ፣ ያን ቀን ምላሴ የት እንደገባ አላውቅም።

ተወሰነ። ከእንግዲህ ማንም ሰው የሞተበትን እንስሳ ጉድጓድ ቆፍሮ ይቅበር፤ ፋቂው መጎተትም መግፈፍም ተከልክሏል፤ ጎጆው የተከለከለው ቦታ ላይ ስለሆነ እስከ ፋሲካ ያንሣ። በማግስቱ ምን እንደምል ሳላውቅ ወደ ቤቱ ወጣሁ። እሱ አልነበረም። ሚስቱ ነበረች፤ ያለችኝን ከላይ ተናግሬዋለሁ።

ከዚያ የሆነው በራሳችን ላይ ነው። መጀመሪያ የአንድ ጎረቤታችን በሬ ሞተ። ስምንት ወንዶች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አስረው፣ እየተሳደቡ፣ ባሕር ዛፍ ምሰሶ እያንሸራተቱ በክቱን አወጡት። ከዚያ ጉድጓድ መቆፈር ያዙ። የእንጦጦን መሬት ቆፍሮ የማያውቅ ሰው አፈር ይመስለዋል፤ ዶማው ድንጋይ ላይ እሳት ይተፋል። እስከ ጉልበት ሲደርሱ ደከማቸው። በሬውን ከተው፣ የተገኘውን አፈርና ቅጠል አልብሰው ወረዱ። ጆፌዎቹ ሁለት ቀን ሙሉ ከላይ ዞሩ፤ የሚያዩት ነገር የለም። በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ባዶ ሆነ። ጅብ ግን አፍንጫ አለው። አወጣው፣ ያልተገፈፈውን፣ ያበጠውን፣ ቆዳውን እየጎተተ በየደጃችን አዳረሰው። ቀጥሎ የበልግ ዝናብ መጣና የተቆፈረውን ልል አፈር ከነፈሳሹ ወደ ታች አወረደው። ምንጩ ሸተተ። በበጋ ሸትቶ የማያውቅ ምንጭ ነው። በግማሽ የጻፍኩት ውሸት እንዲህ አድርጎ እውነት ሆነ።

ሰዉ ማንን እንደሚወቅስ ጨነቀው። ፋቂውን እንዳይወቅስ ሰውየው እጁን ሰብስቦ ተቀምጧል። እኔንም አልወቀሱኝም፤ እኔ የነሱ ብዕር ነበርኩ። ያ ነው የባሰብኝ።

ሁለተኛ ማመልከቻ ጻፍኩ። አሁን ሙሉውን ነው። ማዶ እንደሚጎትት፣ ሆዱን ለምን እንደሚከፍት፣ ያለ እሱ ሰፈሩ ምን እንደሆነ፣ መጀመሪያ የጻፍኩት ጎዶሎ እንደነበረ። ቤት ለቤት ይዤው ዞርኩ። ሁሉም ሰምቶ እውነትሽን ነው ይላል፤ አትሙ ስላቸው እጃቸው ይጠፋል። ከኛ ቀጥላ ያለችው እንጨት ሻጭ መበለት ናት እቅጩን የነገረችኝ።

«ልጄ፣ ያኛው ወረቀት የሄደው ወደ መንግሥት ነው። ይሄኛው ለሱ ነው። አሻራዬን ለቡዳ ሰጥቼ በምን እንቅልፍ ልተኛ?»

እሱ ጋ አይደርስም፣ ይሄም እዚያው መሥሪያ ቤት ነው የሚገባው፣ እሱ ቢያገኘው እንኳ ማንበብ አይችልም አልኳት።

«ቡዳ ማንበብ ምን ያደርግለታል?» አለችኝ።

የቀሩት አባትሽ ያትምና እንከተላለን አሉ። አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አማቾቼ ቢሰሙ ምን ይሉኛል አለ። ዓይኔን ሳያየኝ ነው ያለው።

በሕማማት ማክሰኞ ጠዋት በረታችን ተሰብሮ አገኘነው። ጅብ ግራጫዋን አህያችንን ከታፋዋ ቦጭቋት ነበር፤ ውሾቹ ባይጮሁ ይጨርሳት ነበር። እስከ ቀትር ቆማ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ወደቀች። ጥንብ አጥቶ ነው ነፍስ ካለው የገባው፤ ይህን እኔም አባቴም እናውቃለን፣ ማናችንም አልተናገርነውም። ግቢያችን መሐል ተኝታ ሆዷ መነፋት ጀመረ። በሕማማት በክት የሚነካ ሰው አልተገኘም። ወደ ማታ ግድም አባቴ ጠራኝ። ሂጂና ፋቂውን ለዛሬ ብቻ ይምጣልን በይው፣ ማንም አይናገርበትም አለኝ።

ማመልከቻውን ይዤ ወጣሁ። ፀሐይዋ ገና አልገባችም። ፋቂው ደጁ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆዳዎቹን እየጠቀለለ በጠፍር ያስር ነበር። ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ሚስቱ ዘመዶች እንደሚሄዱ ሰምቻለሁ። የጎጆው ሣር ከወዲሁ ወርዷል፣ ምሰሶው ቆሟል። ሚስቱ ውስጥ ነበረች፣ አልወጣችም።

«እንደምን አመሹ?» አልኩ።

ቀና አለ። «አንቱ ሆንኩ ዛሬ?» አለኝ። በቁጣ አልነበረም።

የአባቴን መልእክት ነገርኩት። የትኛዋ አህያ ናት፣ ግራጫዋ ናት አለኝ። አዎ አልኩ። «እግዜር ይተካት» አለ። ለመነሣት ግን አልተንቀሳቀሰም።

ወረቀቱን ዘረጋሁለት። ሌላ ማመልከቻ ነው፣ ያሉኝን አሁን በሙሉ ጽፌዋለሁ፣ ከዚህ አይነሡም አልኩት። ተቀበለኝ። እንደ ቆዳ ገልብጦ ወደ ብርሃን ያዘው፣ ከሥር ያለውን ነጩን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

«አሻራ የለበትም።»

«የኔ ፊርማ አለበት።»

«ያንቺማ በዚያኛውም ላይ ነበር» አለና መለሰልኝ።

ግን ባዶ እጄን መሄድ አልፈለግሁም፤ አህያይቱም ግቢያችን ውስጥ ናት። ነገ ካልተከፈተች የሚሆነውን አውቃለሁ። እንግዲያው እርስዎ አይምጡ፣ እኔ ራሴ እወስዳታለሁ፣ ወንድሞቼን አስገድጄ እናወጣታለን፣ እኔ እከፍታታለሁ፤ እንዴት እንደሚደረግ ብቻ ያሳዩኝ አልኩት። እጄን አየ። የቀለም ነጠብጣብ ጣቴ ላይ ነበር።

«ካራው ስለት ይኑረው» አለኝ። «በጀርባዋ አታስተኚያት፣ በጎን ትሁን። ከኋላ እግሯ ብሽሽት፣ ቆዳው ከሳሳበት ትጀምሪና ወደ…»

አቆመ። ወደ ጎጆው አየ፣ ከዚያ እጄ ላይ ወዳለው ወረቀት አየ።

«ተዪው» አለ። «የምነግርሽን ትጽፊዋለሽ።»

ጎንበስ ብሎ ጠፍሩን ማሰር ቀጠለ። ወረቀቱን አጠፍኩት፣ ነጠላዬን አጣፋሁ፣ በባሕር ዛፎቹ መሐል አድርጌ ወደ ታች ወረድኩ።